የእናቴ ፎቶ እና አራት ሺህ ላይክ

ፋሂምን መጀመሪያ ያየሁት ልሰድበው ቢሮው ስገባ ነው።

ቢሮው ጅማ፣ ቡና ቆልቶ የሚያሽግ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። ከሰቃ ከተማ የመጣሁት የማስተምረውን ክፍል ለጓደኛዬ አስረክቤ ነው። በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት። ላፕቶፑ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው ደስ ይል ነበር። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«የፌስቡክ ፔጃችሁ ላይ የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ እህቴ። ፋሂም እባላለሁ። ምን ልርዳሽ?»

ስልኬን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ፎቶው የእናቴ ነው፤ አገራችን ሊሙ ገነት ቡናዋን ስታሰጣ ሳታያቸው ያነሷት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሐጂራ ከእኛ ጋር መሥራት ከመጀመሯ በፊት ልጆቿ ጾማቸውን ያድሩ ነበር።»

«ከአራቱ ልጆቿ አንዷ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሩፈይዳ እባላለሁ። ጾሜን ያደርኩበትን ቀን ንገረኝ።»

ስልኩን አንስቶ ጽሑፉን እንደገና አነበበ።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን፣ ኡሚ፣ አራታችንንም ያስተማረችን በቡናዋ ነው። ለዚህ ድርጅት የሸጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፖስቱ ከወጣ ወዲህ ግን ገበያ ላይ «ለካ ልጆችሽን ድርጅት ነው ያሳደገልሽ?» ይሏት ጀመር። የቡና አምራች ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። «በእኛ ስም እርዳታ ትቀበላለች» ተባለ። የማኅበሩን ማኅተም መለሰችና ቤት ዋለች። ኡሚ ቤት ስትውል አይቼ አላውቅም።

«ኮሜንት ጻፍኩ፣ አጠፋችሁት። ደግሜ ስጽፍ ምቀኛ ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ከዚያ ብሎክ አደረጋችሁኝ። ይሄን ሁሉ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የተፎካካሪ ድርጅት ሰው መስለሽኝ ነው... ዋላሂ። ማሎ፣ እባክሽ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አራት ሺህ ሰው ላይክ ካደረገው በኋላ? ያዩት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ገብተህ ታጠፋለህ?»

ስልክ ቁጥሬን ጠረጴዛው ላይ ባለ ወረቀት ጻፍኩለት። «ውሸት መሆኑን እዚያው የዋሸህበት ቦታ ጻፍ። ስትጽፍ ደውልልኝ።»

በማግሥቱ ፔጁ ላይ የወጣውን በጓደኛዬ ስልክ አነበብኩ። «በባለፈው ጽሑፋችን ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ከሥሩ የአዲሱ ማሸጊያቸው ማስታወቂያ ተለጥፏል።

እሱ እስኪደውል አልጠበቅኩም፤ ፔጁ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩለት።

«ካለ ትላለህ? አለች እኮ። ስም አላት። ስሟን ለማዋረድ ጽፈኸው የለ?»

«ሥራ አስኪያጁ ነው እንዲህ ይባል ያለው። ዋሽተናል ካልን ገበያ እናጣለን አለ።»

«የጻፈው ጣት የማን ነው?»

«የእኔ» አለ። «እናትሽን... ላያቸው እችላለሁ?»

«ምን ልትላት?»

«አላውቅም። ግን በስልክ የሚባል አይደለም።»

ዘጋሁበት።

ሐሙስ ዕለት ሊሙ ገነት ላይ ማኅበሩ አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ተሰበሰበ። ኡሚን ለምኜ ነው ያመጣኋት። ገና ከመቀመጣችን ፋሂም በር ላይ ቆሞ አየሁት። ቤታችንን አጠያይቆ፣ ሰው ወደ ስብሰባው ልኮት ነው። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ደሜ ፈላ። እሱ ግን እኔን አላየም፤ ፈቃድ ጠየቀና አርባ ሴቶች ፊት በኦሮምኛ ተናገረ።

«ሐጂራ ከድርጅታችን ምንም እርዳታ አልተቀበሉም። ፎቷቸውን ያነሳነው ሳናስፈቅድ ነው። ጽሑፉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ኡሚ ተነሳች።

«ልጆቼ ይራቡ ነበር ብሎ ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«ሰው ሲያዝን ይገዛል ብዬ ነው።»

«ቡናዬ ጥሩ ነው። ሳያዝኑልኝ መግዛት አይችሉም?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንጀቴ ሊራራለት ሲል ራሴን ተቆጣሁ።

ሴቶቹ ማኅተሙን ለኡሚ መለሱላት። ፋሂም ከግቢው ሳይወጣ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የተናገረውን ቃል በቃል ፔጁ ላይ ጻፈው። ከሰዓት በኋላ ድርጅቱ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ አጠፋው፤ ግን ሰው ሼር አድርጎት ነበር። በማግሥቱ ከሥራ አሰናበቱት።

ስሰማ ደወልኩለት፤ አሁንም በንዴት።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ሥራህን ያጣኸው፣ ውለታ አታሸክመኝ።»

«ለአንቺ አይደለም ሩፈይዳ። ፖስቱን ለእናቴ አነበብኩላት። "እኔን ብለህ ብትጽፍስ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

እስኪዘጋው ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነበር።

ከወር በኋላ የማኅበሩ ሴቶች ራሳቸው ጠሩት፤ የራሳቸውን ፔጅ እንዲከፍትላቸው። አሁን ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ያስፈቅዳል፤ ጽሑፉን ከመልቀቁ በፊት ፎቶው ላይ ላለችው ሴት ያነብላታል። አንዲት ሴት «ጥርሴ አልታየም» ብላ ሦስቴ አስነሳችው። የሚጽፈውን ስህተት እየፈለግኩ አነብ ነበር። ሳገኝ እደውላለሁ። ሳላገኝም መደወል ጀመርኩ...

አንድ ቅዳሜ ከሊሙ ወደ ጅማ በሚሄድ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ «እወድሻለሁ» አለኝ።

«እኔ ገና ተናድጄብሃለሁ።»

«እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪበርድልሽ።»

ስምንት ወር ጠበቀ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያናድደኝ መውደዴ ነበር። እናቴን ያስለቀሰ ሰው ሲስቅ ደስ እንዲለኝ አልፈልግም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ «በርዶልኛል» አልኩት። ሽማግሌ ሲልክ አጎቴ አኒስ ተቆጣ።

«እናቷን አደባባይ ላይ ላዋረደ ሰው ነው የምንድራት?»

ሁሉም ወደ ኡሚ ዞረ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይሄ ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ» አለች። «የሌሎቹን አላየሁም። ልጄን ለእሱ እሰጣለሁ።»

ኒካሓችን ከረመዳን ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር እዚያው ሊሙ ገነት ታሰረ። ፋሂምን መጀመሪያ ያጎረሰችው ኡሚ ናት።