የፓላ ሦስት ቀን

መንፈስ ምናምን የሚያስፈራኝ ሰው አይደለሁም፣ ቸርች ውስጥ ራእይ አየሁ ብለው የሚመሰክሩትን እንኳ በልቤ «እራት አብዝተው ይሆናል» የምል ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ይህን የሰማሁት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ፣ አንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የቲቤት ሰው የሆኑ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ልጃቸው ዶልማ ራቅ ብላ ሳንታ ክላራ ነው የምትሠራው፣ «ፓላ» ትላቸዋለች፣ አባባ እንደማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ተሰደው አግብተው ሳይወልዱ በፊት መነኩሴ ነበሩ። ገዳማቸው ካም በሚባል ደጋ፣ ገደል ላይ ተለጥፎ የተሠራ ነው፣ መብራቱ በቅቤ ይነዳል፣ ከበላዩ በረዶ የማይለቀው ተራራ አለ፣ ቅዱስ ስለሆነ ማንም አይወጣውም፣ ሰው ዙሪያውን ነው የሚሄደው፣ አንዳንዱም በየእርምጃው መሬት ላይ እየተደፋ።

«ቤተ ክርስቲያን እንደ መዞር ነው?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ይሄኛውን ለመዞር ግን ሦስት ቀን ይፈጃል» ብለው ሳቁ።

እየደከሙ ሲመጡ አንድ ጠዋት እጄን ያዙኝ። «ስሞት ሦስት ቀን ማንም አይንካኝ፣ ነፍስ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፣ ፕሮሚስ አድርጊልኝ።»

«እሺ ፓላ፣ ፕሮሚስ» አልኩ፣ ለሕፃን እሺ እንደሚባለው ዓይነት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አረፉ። ለዶልማ ደወልኩላት። «መጣሁ፣ እኔ ሳልደርስ ለማንም ኮል እንዳታደርጊ» አለችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ነው፣ ሰው ጠጠር ላይ ሲራመድ የሚሰማው ድምፅ፣ ቤቱ ግን ሙሉ በሙሉ ምንጣፍ ነው። ከራስጌያቸው ተነሣ፣ በመስኮቱ አለፈ፣ በእኔ ጀርባ ዞሮ በሩ ጋ ደረሰ፣ ተመልሶ ራስጌያቸው። ጎረቤት ነው አልኩ። ቀጥሎ ትንፋሽ መጣ፣ አቀበት የሚወጣ ሽማግሌ ትንፋሽ፣ በኋላዬ ባለፈ ቁጥር ፍሪጅ የተከፈተ ያህል ማጅራቴ ይቀዘቅዛል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ነገር በቀስታ ወለሉ ላይ ይደፋና እንደገና ይነሣል። «በኢየሱስ ስም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ኮቴው አልቆመም፣ አልፈጠነምም፣ ጭራሽ አልሰማኝም።

አልቻልኩም። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ጋ ደወልኩ። የሞተ ሰው ምን ይቀየመኛል ብዬም አስቤያለሁ፣ አልዋሻችሁም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስከሬን የሚወስዱ ሁለት ሰዎች ባለጎማ አልጋ እየገፉ መጡ። ፓላን ሲያነሷቸው ኮቴው መስኮቱ ጋ ነበር፣ እዚያው ቀጥ አለ፣ እየራቀ አልጠፋም፣ መንገድ ላይ ስሙን እንደጠሩት ሰው ቆመ። ከሰዎቹ አንዱ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ።

«ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ዶልማ ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። አልጮኸችብኝም፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«የት ጋ ነው የቆመው?» አለች።

አሳየኋት። ሄዳ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና በቋንቋቸው ማውራት ጀመረች፣ እየተሳሳተች፣ ቃል እየጠፋባት። አባቷ በሕይወት እያሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምትመልስላቸው።

አፓርትመንቱን እስካሁን አልለቀቀችም። እቃው ሁሉ ወጥቷል፣ እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እዚያ ትቀመጣለች። አንዴ ደወልኩና «ይሰማሻል?» አልኳት።

«እኔ ምንም አይሰማኝም» አለች፣ «የሰማሽው አንቺ ነሽ፣ ነይና አዳምጪልኝ።»

የሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። ይኸው ስንት ቅዳሜ አለፈ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ቁልፌን ይዤ፣ የቤቴ በር ላይ እቆማለሁ። የፓላ ቤት ጭር ካለ ምን ብዬ እነግራታለሁ፣ ጭር ካላለስ?