ሰባተኛው ቅጽ

«ይሄም ያው ነው!» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ወፍራሙን መጽሐፍ ገልብጠው የጀርባውን ካርድ እያዩ። «ሰው የሚባል አልነካውም። በይ ክተቺው።»

ሜሮን ተቀብላ ማዳበሪያው ውስጥ ጣለችው። ሦስተኛው ቅጽ ነበር። የማዳበሪያውን አፍ ይዛ የቆመችው ጓደኛዋ ፈይዛ፣ መጽሐፉ ዱብ ሲል ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤቱ ላይብረሪ አዳዲስ መጻሕፍት ሊመጡ ነው፤ መደርደሪያ ደግሞ የለም። ስለዚህ ኮሚቴ ተሰበሰበና ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ለሱቅ መጠቅለያ ይውጣ ብሎ ወሰነ። ምስክሩ ከጀርባ ሽፋኑ ኪስ የምትገባው የውሰት ካርድ ናት። የላይብረሪዋ ኃላፊ እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ካርዱ ካለው ውጭ ሌላ ነገር አይሰሙም።

የሩሲያዊው ደራሲ ሥራዎች ሰባት ቅጽ ናቸው፤ በአማርኛ ተተርጉመው፣ ሞስኮ ታትመው፣ እትዬ ደብሪቱ ሥራ ሳይጀምሩ የመጡ። ካርዶቻቸው ነጭ ናቸው፤ አንድም ስም የለባቸውም። ታዲያ ማን አነበባቸው? ፈይዛ ናታ! ስድስቱን ጨርሳለች። ሰባተኛው አሁን ትከሻዋ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሌብነት ነው ካላችኋት ትቀየማችኋለች። አምና ከላይብረሪው የተዋሰችውን የባዮሎጂ መጽሐፍ በአባቷ የሽንኩርት ማሳ ዳር ረስታው የመስኖ ውሃ አበላሸው። ከዚያ ወዲህ ስሟ በሩ ላይ «መዋስ የማይችሉ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ተለጥፏል። እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይፈቀዳል። ግን ሰውየው በእረፍት ሰዓት የሚነበብ ደራሲ ነው እንዴ! በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ጥፋቱን ለመናገር አርባ ገጽ ያስባል። ስለዚህ የላይብረሪ ክበቡ ተረኛ ሜሮን በር ላይ ቆማ «እለፊ» ትላታለች፤ ፈይዛም መጽሐፉን በሂጃቧ ሸፍና ትወጣለች። ስትጨርስ ትመልሳለች። ካርድ አይሞላም። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ጣሪያውን እያንጣጣው፣ ላቧ በአንገቷ እየወረደ፣ ስለ በረዶና ስለ ውርጭ ስታነብ ከረመች። ወደደችው። በጣም ወደደችው።

«ሰባተኛው የታል?» አሉ እትዬ ደብሪቱ መደርደሪያውን እየዳበሱ። «ጠፍቷል ማለት ነው። ይጥፋ፣ ለሚጣል ነገር ምን ቸገረን።»

ሜሮን ፈይዛን ጎትታ ከመደርደሪያው ጀርባ ወሰደቻት።

«ሰማሽ? ጠፍቷል አሉ። በቃ ያንቺ ሆነ!»

«ስድስቱስ?»

«አንብበሻቸው የለ? አቦ ነገር አትፈልጊ!»

«እኔ ተደብቄ ስላነበብኳቸው እኮ ነው ማንም አልነካቸውም የተባለው። ወላሂ፣ ያስጣልኳቸው እኔው ነኝ።»

«ፈይዚ፣ በናትሽ። ከተናገርሽ እኔም ከክበቡ መባረሬ ነው።» ሜሮን ክንዷን ጨበጠቻት። ክበቡ ውስጥ ለመግባት አንድ ዓመት ለምናለች። ፈይዛን አንጀቷን በላቻት።

ውጭ መጻሕፍቱን ወደ ሱቅ የሚወስደው ባጃጅ ቆመ። እትዬ ደብሪቱ ማዳበሪያውን ሊያስሩ ገመድ አነሱ። ፈይዛ ተመልሳ አፉን ያዘችና አልለቅ አለች።

«ልቀቂው እንጂ ልጄ!»

«እትዬ ደብሪቱ፣ እነዚህ ተነብበዋል። እኔ አንብቤያቸዋለሁ።» ቦርሳዋን ከፍታ ሰባተኛውን አወጣች። አርባ ገጽ አላሰበችም።

እትዬ ደብሪቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳትመዘገቢ?»

«አዎ።»

«ሰባቱንም?»

«ሰባተኛው ሁለት መቶ ገጽ ይቀረኛል።»

ሊስቁ ዳር ዳር አሉና ተዉት። «አንቺ ዝርዝሩ ላይ ያለሽ ልጅ ነሽ። እስከ ሰኔ በዚህ በር አትገቢም። ለማንበብም ቢሆን።»

«እሺ። እነሱ ግን ይቅሩ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ስድስቱን ቅጾች ከማዳበሪያው እየለቀሙ ከሰባተኛው ጋር ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ ካርዶቹን ከየኪሳቸው መዘው እስክሪብቶ አቀበሏት።

«በይ ሙዪ። ያነበበ ይመዝገብ።»

ፈይዛ እያንዳንዱን ያነበበችበትን ወር እያስታወሰች ስሟን ሰባት ጊዜ ጻፈች። ከስሟ ጎን «የሰጪ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። እሱን ባዶውን ተወችው።

«ሰጪውስ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ፈይዛ ካርዶቹን አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ማን አሳለፈሽ ነው የምልሽ!»

«የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ። ማንም አልወጣለትም። ሜሮን ከመደርደሪያው ጀርባ ቀስ ብላ መጣች። ደረቷ ላይ ያለውን የክበቡን ባጅ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እስክሪብቶውን ከፈይዛ እጅ ወሰደች።

«ከአንደኛው ልጀምር?» አለች።