የተጨበጨበለት ሞት

ሔራን ሀብተወልድ ስትሞት ክፍሉ አጨበጨበላት። ነገሩን ማለሳለስ ይቻል ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቡታጅራ ሙሉ ሰምቶታል። ነገ ከነገ ወዲያ የሰው ነፍስ የሚረከቡ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ጓደኛቸው ዓይናቸው ሥር ትንፋሽ አጥሯት ስትወድቅ «ወይ ስትችልበት» ተባብለው አጨበጨቡ። ጭብጨባው የቆመው ሳትነሣ ስትቀር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል ተካ ኮሌጁ ስትደርስ የሟቿ አባት አቶ ሀብተወልድ ቀድመዋት በር ላይ ቆመው ነበር። የመጡት ከቡኢ ነው፤ አስከሬን ሊወስዱ። እዚያ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶተኛው ይጠብቃቸዋል።

«የኔ ልጅ፣» አሏት፣ «ሐኪሙ አስም ነው አለኝ። አስሟንማ እኔው ነኝ አብሬ ያሳደግሁት። መድኃኒቷን ሳትይዝ ደጅ የማትወጣ ልጅ ናት። ያ ሁሉ ሐኪም ነኝ ባይ ተቀምጦ እንዴት ሞተች? ይህን ሳላውቅ አፈር አላለብሳትም።»

«ዛሬውኑ እነግርዎታለሁ፣» አለች። ዘርፈሽዋል ቃል መስጠት የማትወድ ሴት ናት። የሰጠችው አባትየው ፊት መቆሙ ስላሳፈራት ነው።

የልምምድ ክፍሉ አንድ የሕክምና አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የተደረደሩ ወንበሮች አሉት። ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጋውን የሚሰቀልበት መስቀያ አለ። ጋውኖቹ ላይ ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። ፖሊስ የሔራንን ፓፍ፣ በአፏ የምትስበውን የአስም መድኃኒት፣ ያገኘው እዚያ፣ «ሔራን» በሚለው ጋውን ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው «ውጭ ረስታው ገባች፣ ምስኪን» ብሎ ጨርሷል።

መምህር አምሀ የሥነ ልቦና አስተማሪ ነው። ከጎንደር መጥቶ ቡታጅራን አገሩ ያደረገ፣ በንግግር አዋቂነቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ቃል አጥሮታል።

«የሚና ጨዋታ ነው፣» አለ። «አንዷ በሽተኛ፣ አንዷ አስታማሚ፣ አንዱ ነርስ ይሆናሉ። ነርሱ በሽተኛዋን አዋርቶ ያረጋጋታል። ሔራን የተጨነቀች እናት ነበረች፣ ሆሳዕና አስታማሚ፣ ምስጋና ነርስ።»

«ሌላው ተማሪስ?»

«ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ከመቀመጫው የተነሣ፣ ከሚናው የወጣ፣ ውጤት ያጣል። በሽተኛዋንም ከነርሱ በቀር ማንም አይነካም። አስታማሚዋ እንኳ ከአልጋው ፈንጠር ብላ ነው የምትቀመጠው።»

«ይህን ሕግ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከኋላ፣ ውጤት እየሰጠሁ።» አንገቱን ደፋ። «ሙሉ ውጤት ልሰጣት ነበር። ደግሞ የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። ሰው በተሰበሰበበት አንዱ ሲወድቅ፣ እያንዳንዱ ሌላው ይነሣል ብሎ ይቀመጣል የሚለውን። ፈተና ላይ ጠየቅኋቸው፤ ያልመለሰ የለም።»

ዘርፈሽዋል ማስታወሻዋን ዘጋች። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ምን ይጨመራል።

ሆሳዕና የሔራን የዶርም ጓደኛ ናት። ማረቆ በርበሬ ገበያ የምትነግድ እናቷ ልጄን ይዤ ልሂድ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው በር ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ መጀመሪያ ለሚያናግራት ሁሉ «አላውቅም» ስትል ቆይታ ነበር። ዘርፈሽዋል የሔራንና የሆሳዕና ስም ያለባቸውን ሁለት ጋውኖች ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋቸው ግን ማልቀስ ጀመረች።

«ያንን የለበስኩት እኔ ነኝ፣» አለች የሔራን ስም ያለበትን እያሳየች። «ከታጠበው ያገኘነውን ነው የምንለብሰው። ትናንት የሷን እኔ፣ የኔን እሷ ለብሰን መጣን። መምህር እንኳ መማሪያ ክፍል ስም ሲጠራ ስቆብናል።»

«ምስጋናም ሳቀ?»

«እሱ አልነበረም። ቀድሞ እዚህ ልምምድ ክፍል መጥቶ አልጋ ያነጥፍ ነበር። እኛም ጋውናችንን ኮሪደር ላይ ሰቅለን ነው የገባነው።»

«ፓፉንስ?»

«አውጥታ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው። አይቻታለሁ። ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።»

«ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ከለበስኩት ጋውን ውስጥ ነው የተገኘው። እሷ ናት የገደለቻት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኪሷን ስትዳብስም አይቻለሁ። የትወናው አካል መሰለኝ። ከሌላው ሁሉ ቅርቧ ቁጭ ብዬ እያየሁ ትወና መሰለኝ።»

«ከመታመሟ በፊት ምን እያለች ነበር?»

«"ልጄ እናቴ ሞታለች ብሎ ለሰው ይናገራል፤ እኔ ግን ከጓሮ ቤት ሆኜ ድምፁን እሰማዋለሁ" አለች። ሁሉም ጸጥ አለ። ከዚያ ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ምስጋና "ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ" አላት።»

ምስጋና የእምድብር ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ለጥያቄ ሁሉ «አቤት» ብሎ የሚመልስ። ጨዋታው ሲጀመር ጋቢ ትከሻዋ ላይ ያለበሳት እሱ መሆኑን አልካደም። ስትወድቅም መኪና ሊጠራ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው።

«ቤተሰብ አለህ?» አለችው፣ ነገሩን ለማብረድ ያህል።

«አባቴ አለ። እናቴ ግን በሕፃንነቴ አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር።»

እሱ እንደወጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የሔራን ስልክ ጮኸ። ዘርፈሽዋል አነሣችው።

«ሔራንዬ፣ ሲስተር አሰፋሽ ነኝ፣ ከወልቂጤ፣» አለ የሴት ድምፅ። «የአእምሮ ሕክምናው ክፍል አልጋ ተገኝቷል። የጓደኛሽን እናት መቼ ታመጧቸዋላችሁ?»

ዘርፈሽዋል ማን እንደሆነችና ምን እንደደረሰ ነገረቻት። ሴትዮዋ እስክትረጋጋ ጠበቀችና፣ «የየትኛው ጓደኛዋ እናት ነበረች?» ብላ ጠየቀች።

«ስም አልነገረችኝም። በምስጢር የሰማሁት ነው፣ መጀመሪያ ላስፈቅድ ነው ያለችኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በልምምድ ክፍሉ ተሰበሰቡ፤ ትናንት በተቀመጡበት ወንበር። አቶ ሀብተወልድ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«ሔራን ፓፏን ውጭ አልረሳችም፣» ብላ ጀመረች ዘርፈሽዋል። «ቀሚሷ ኪስ ይዛው ገብታለች። ሲጨንቃትም የዳበሰችው ኪሷን ነው። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ የወሰደባት ሰው አለ፤ ያ ሰው ከወደቀች በኋላ ረስታው የገባች እንዲመስል ኮሪደሩ ላይ ጋውን ኪስ ውስጥ ከተተው። ግን ጋውኑን ተሳሳተ። ሔራን ትናንት የለበሰችው የሆሳዕናን ነበር።»

ተማሪዎቹ ተያዩ።

«ሆሳዕና ብትሆን የትኛውን ማን እንደለበሰ ታውቃለች፤ በራሷ ላይ አትመሰክርም። መምህር አምሀም መለዋወጣቸውን አይተው ስቀዋል፤ ደግሞም አጠገቧ አልደረሱም። እናንተም ስም ሲጠራ ነበራችሁ። የተጠለፈውን ስም አምኖ የሚሳሳት፣ መለዋወጣቸውን ያላየ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሽተኛዋን እንዲነካ የተፈቀደለትም እሱ ነው። ጋቢውን ሲያለብሳት እጁ ኪሷ ዘንድ ደርሷል።»

ወደ ምስጋና ዞረች።

«እናትህ አልሞተችም፣» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የጓሮ ቤት ውስጥ ናት። ለሔራን የነገርካት አንተ ነህ።»

ምስጋና አመነ። ሲናገር ድምፁ ለራሱም አይሰማም ነበር።

«የማዳመጥ ልምምድ ላይ ነው የነገርኳት። ትናንት ጠዋት "ዛሬ እናትህን ነው የምሆነው፤ ስም አልጠራም፣ ስትሰማው ይቀልሃል" አለችኝ። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። ፓፏን ስታጣው ደንግጣ ትነሣለች፣ ጨዋታው ይቋረጣል ብዬ ነው እንጂ...»

«አልተነሣችም።»

«አልተነሣችም።»

«ሕመሟ እውነት መሆኑን ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ለምን አልሰጠሃትም?»

«እጄ ውስጥ ነበር፣» አለ። «ባወጣው ሁሉም ያየኛል። ለምን ወሰድክባት ብለው ይጠይቁኛል። አፈርኩ።»

አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ጮኸው ቢሰድቡት ለሁሉም ይቀል ነበር።

«ሔራንም ጥፋት ነበረባት፣» አለች ዘርፈሽዋል፣ አባትየውን እያየች። «ስሙን ደበቀች እንጂ ታሪኩን አልደበቀችም። ግን ልትስቅበት አልነበረም። ወልቂጤ ለእናቱ አልጋ ስትጠይቅለት ቆይታለች። ዛሬ ጠዋት ተገኘ ተብሎ ተደወለ።»

ምስጋና ይኼኔ ነው ተንበርክኮ ያለቀሰው። የሚያነሣው ሰው አልነበረም። ዘርፈሽዋል ራሷ ክንዱን ይዛ አቆመችውና ቃሉን ለመቀበል ወረቀት አወጣች።

«የእናት ስም?»

እናት እንዳለችው የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ አልነበረም። ሁሉንም አየና «ወለተሥላሴ፣» አለ። «ወለተሥላሴ ትባላለች። እምድብር ናት።»

አቶ ሀብተወልድ ቀስ ብለው ተነሡ። «አልጋው አሁንም አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አለ።»

«ልጁ እስር ቤት መግባቱ ነው። ሴትዮዋን ማን ያድርሳት?»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ወደ መምህራቸው አዩ፣ መምህራቸው ደግሞ ወደ መስኮቱ። ማንም አልተነሣም። ፈተናውን ሁሉም ያለፉት፣ ትናንትም እንዲሁ ተቀምጠው የነበሩት ልጆች ናቸው። ሽማግሌው አንድ በአንድ አዩአቸው። የሚፈልጉትን እንዳላገኙ ገባቸውና ሊሄዱ ምርኩዛቸውን አነሡ።

ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ሆሳዕና ነበረች። ፊቷ እንደቀላ፣ ማንንም ሳታይ ተነሣች።

«እኔ እሄዳለሁ፣» አለች። «ትናንት መነሣት ነበረብኝ።»