የቀዘቀዘው መሰላል

ካሣ ጣሪያ ላይ ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የዘንባባ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ከምሳ እረፍት ሲመለሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለደብዳቤ ቁጥር ሲሰጥ የኖረ የመዝገብ ቤት ሰው በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም። «ልቡ ነው» ተባለ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እውነት ሆነ። ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦት ሰው ሲሞት ጥፋተኛዋ ፀሐይ ናት። ፀሐይን ደግሞ ማን ይከሳል?

ኢንስፔክተር ሙኒያ ግን የሰማችውን ሁሉ የምታምን ሴት አይደለችም። ወፍራም ናት፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ስትጠይቅም የምታንቀላፋ ትመስላለች። በዚህ ተታለው ብዙ ሰዎች ብዙ አውርተውላታል።

ፋብሪካው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ፣ በባቡሩ ዘመን በተሠራ ጣሪያው ከፍ ያለ ሕንፃ ውስጥ ነው። በሙቀት ወራት የከተማዋን የድሮ ልማድ ይከተላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው በሰርቪስ ወደ ሳቢያንና ወደየሰፈሩ ይሄዳል፣ ግቢው ጭር ይላል። ጣሪያው ላይ የሚወጣው ከቢሮው ጀርባ በተደገፈ ረጅም የብረት መሰላል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ማንም የማያልፍበት የተተወ ሐዲድ ነው።

ሙኒያ ሻሿን ፈትታ በሁለት እጇ ላይ ጠመጠመችና መሰላሉን ያዘች። የድሬ ልጅ ፀሐይ የዋለበትን ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ ይህን ማንም አያስተምረውም፣ አንዴ መቃጠል ይበቃዋል።

ካሣ ልክ ከመሰላሉ ጫፍ በላይ በጎኑ ተኝቷል። አንድ ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ሌላውን በእጁ ጨብጦታል። በቆርቆሮው አቧራ ላይ የእግሩ ዱካ በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሄዷል። መሐል ላይ አራት ጠጠሮች አሉ፤ በመካከላቸው የደብዳቤ ወረቀት የሚያህል አቧራ ያልነካው ቦታ። ሙኒያ የሟቹን ሸሚዝ ፈትታ ስታይ ወረቀቱ ደረቱ ላይ ነበር፣ በላብ ርሶ። የወረቀቱ ፊት በፀሐይ ወይቦ ጀርባው ገና ነጭ ነው።

ደብዳቤው የካቲት 18 የተጻፈ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚጸና የስንብት ደብዳቤ ነው፤ ለሠራተኛ ይርገዱ። ሠራተኛዋ አልቀበልም ስላለች ለዐሥር ተከታታይ ቀናት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ይናገራል። ለጣፊው ካሣ፣ ከነፊርማው።

ሙኒያ መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘውን ሽማግሌውን ጥበቃ፣ ዒልሚን ነው። እንባው አልደረቀም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰው ሀብት ኃላፊው ነጅሙዲን «ካሣ የለም፣ መጸዳጃውን እይ፣ መጋዘኑን እይ፣ ጣሪያውንም እይ» ብሎ እንደላከው፣ ሁለቱን አይቶ ሲያጣው ወደ መሰላሉ እንደሮጠ ነገራት።

«እጅህ ላይ ምን ጠመጠምክ?»

«ምንም። ባዶ እጄን ወጣሁ። ወላሂ፣ ስሮጥ መች አስቤ።»

መዳፉን እንዲዘረጋ ጠየቀችው። የተቃጠለ ቦታ የለም። ሙኒያ ጣቶቹን ራሷ መልሳ አጠፈችለትና ግቢው ውስጥ ሌላ ማን እንደነበር ጠየቀች። ነጅሙዲን ሁልጊዜም በእረፍቱ ቢሮው ውስጥ ይተኛል። ነገረ ፈጇ ሃሌሉያም ለነገው ችሎት ስትዘጋጅ አልወጣችም። ይርገዱ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ ልትጠይቅ መጥታ ከዒልሚ ጋር፣ የበሩ ጥላ ሥር፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ተቀምጣለች። ከዚህ ሌላ ነፍስ ያለው ነገር በበሩ አልገባም።

ይርገዱ ገና እዚያው በሩ አጠገብ ነበረች። አምስት ዓመት መስፊያ ላይ ስለኖረች ትከሻዋ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በጥር ወር ከመስመር ተቆጣጣሪዋ ጋር ተጣልታለች፤ ይህን አትክድም። ሆኖም ያኔ ማንም ምንም አላላትም። በሚያዝያ፣ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ማለት ስትጀምር፣ በሩ ላይ «ተሰናብተሻል» አሏት። ደብዳቤ አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ፋብሪካውን ከሰሰች።

ነገሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። አሠሪ የሠራተኛውን ጥፋት ካወቀ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ያልፍበታል። ማሰናበቱ በሕግ መሆኑን ማስረዳትም የአሠሪው ዕዳ ነው። ደብዳቤው በየካቲት ተለጥፎ ከሆነ ይርገዱ ሥራዋን አጣች፤ በሚያዝያ ተጽፎ ከሆነ ትመለሳለች። ይህን እንዲያስረዳ የተቆጠረው ለጣፊው ካሣ ብቻ ነበር፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የፋብሪካው ምስክር ሆኖ ሊቀርብ።

«ሰላም ብሎኝ እንኳ አልመልስለትም ነበር» አለች ይርገዱ። «እንደዚያ ፈርሞብኝ! ግን ሞቱን አልተመኘሁም።»

ነጅሙዲን ቢሮው ውስጥ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ከካሣ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ በልጅነታቸው የከዚራ ሰፈርን የግንብ አጥር አብረው ዘለዋል። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፣ ሙኒያም የውሸት ነው ብላ አላሰበችም። ሰው የገደለውንም ያለቅሳል።

«ነገ ምን ብሎ ሊመሰክር እንደነበር ነግሮሃል?»

«ምን ይነግረኛል፣ የታወቀ ነው። ለጥፌያለሁ ነው የሚለው። ቃሉን ለውጦ አያውቅም።»

ያን ቀን ከነጋ አላየሁትም አለ። በእረፍቱ ተኝቶ ነበር፤ ምንም አልሰማም።

ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት ሃሌሉያ «እርስዎ» እያለች መለሰችላት፤ ሽማግሌም «አንተ» በሚባልባት በድሬ ይህ ሰው ከመሳደብ የማይተናነስ ርቀት ነው። ሙኒያ ግን አልተቀየመችም። የመኪና በር እጀታ በደረሰች ሳምንት የላጠው የሃሌሉያ መዳፍ ጠባሳው ገና ቀይ ነው፤ ሙኒያ የምታየው እሱን ነበር።

«ነገ ለችሎቱ ልታቀርቢው የነበረው ዋናው ደብዳቤ የት ነው?»

 ሃሌሉያ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ነጅሙዲን ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት ሲያሳየኝ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ሰሌዳችሁ ምዕራብን ያያል፤ ዐሥር ቀን የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ በፀሐይ ሲወይብ ይህ እንዴት ነጭ ሆነ ብለው ይስቁብናል አልኩት። እውነተኛ ከሆነ መልስ ይኖረዋል ብዬ ነው። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመጣልሻለሁ አለኝ።»

«ካሣስ ምን አለሽ?»

«ከየት አወቁ?»

«አላወቅሁም፤ አሁን ነገርሽኝ።»

ሃሌሉያ ተቀመጠች። ያን ቀን ጠዋት ካሣ መጥቶ በሐሰት እንደፈረመ፣ ችሎት ፊት ግን እንደማይደግመው ነግሯታል። እሷም እንግዲያው አልጠራህም አለችው። ለደንበኛዬ ማሳወቅ አለብኝ ብላም አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለነጅሙዲን ነገረችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሷ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙኒያ አራቱን መዝገብ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የካሣን ወንበር ማንም አልደፈረም፤ ስልኩም ጠረጴዛው ላይ እንደተወው ነበር። እሷ ግን ተቀመጠችበት፤ እግሯ ደክሟት ነበር።

«ልቡ ነው ብላችኋል» ብላ ጀመረች። «በመጨረሻ ልቡ ይሆናል። ግን መሰላሉ እዚያው የቆመለት ሰው በሚፋጅ ቆርቆሮ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርዝ ለጠርዝ አይዞርም። ካሣ መውረጃ ይፈልግ ነበር። ጫማውን አውልቆ ቆርቆሮውን ደብድቧል፣ ተረከዙ ተሰንጥቋል። ስለዚህ መሰላሉ በቦታው አልነበረም። እሱ ላይ ሳለ አንድ ሰው አንሥቶታል።»

ዒልሚ ግድግዳውን ተደገፈ። ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ሰባት ሰዓት ገደማ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከበሩ ሆኖ ሰምቷል። ቆርቆሮ በሙቀት ሲለጠጥ የሚያሰማው ነው ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ይርገዱም ሰምታዋለች፤ እሷም ቆርቆሮው ነው ብላ ነበር።

ሙኒያ አልተቆጣቻቸውም። ቀጥላም ዒልሚ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሰላሉን በባዶ እጁ መያዙን፣ መዳፉም አለመቃጠሉን ነገረቻቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ቢሆን ቆዳው እዚያው ይቀር ነበር። መሰላሉ ቀዝቅዟል። ጥላ ውስጥ ውሎ ዘጠኝ ሊል ሲል ነው የተመለሰው። አሁን አስቡት። ሰውን ጣሪያ ላይ ለመተው መሰላሉን መሬት ላይ መጣል ይበቃል። ጥላ ውስጥ የሚያስገባው በኋላ መልሶ ማንሣት እንዳለበት የሚያውቅ፣ ፀሐይ ላይ የቀረ ብረት እንደማይነሣ ሳያስብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሃሌሉያ ይህን ገና አልተማረችም፣ መዳፏን እዩት። ይህ የእኛ ሰው ሥራ ነው።»

«እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ» አለ ዒልሚ በቀስታ።

«ነህ። አንተ ብትሆን ግን መቀዝቀዙን ታውቅ ነበርና ስትወጣ ለይምሰል እጅህን ትጠመጥም ነበር፤ ባዶ እጄን ወጣሁ ብለህም አትነግረኝም። ደግሞ አንተና ይርገዱ ሦስቱንም ሰዓት አብራችሁ ነበራችሁ። ከቢሮው ጀርባ ጥላ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ መጋዘኑ። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ወገብህ ላይ ነው።»

ሁለተኛው በማን መሳቢያ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሙኒያ ወደ ነጅሙዲን ዞረች።

«ካሣ ቃሉን እንደለወጠ አላውቅም አልከኝ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ተነግሮሃል። ወረቀቱን ልታወይበው ጣሪያ ላይ በጠጠር ዘርግተኸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የመዝገብ ቤት ሰው ጠፋ ተብሎ ጣሪያ ላይ ፈልጉት የሚል ማን ነው? እዚያ መሆኑን የሚያውቅ ብቻ።»

ነጅሙዲን አልካደም። እንደውም የተገላገለ መሰለ።

«የተቆጣጣሪዋን ሪፖርት መሳቢያዬ ውስጥ የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሠላሳው ቀን ያለፈው በእኔ ነው። ባለቤቱ ቢያውቅ ያባርረኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ካሣን ለምኜ አስፈረምኩት። ለእኔ ሲል ነው የዋሸው። ጣሪያ ላይ እንዳሰጣሁት ነግሬው ነበር፤ ዛሬ ወረቀቱን ሊወስድ ሲወጣ በመስኮት አየሁትና መሰላሉን አነሣሁ። ጣልልኝና ላምጣልህ አልኩት። ነገ ዳኛው ፊት እጥልልሃለሁ አለኝ። ተናደድኩ። ትንሽ ፀሐይ ይምከረው ብዬ ገባሁ።»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሩብ ሰዓት ነበር ያሰብኩት። ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሙኒያ። ስነቃ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። መሰላሉን መልሼ ተጣራሁ። አልመለሰልኝም። ወጥቼ ለማየት ወኔ አጣሁና ዒልሚን ላክሁት።»

 ሁሉም የየራሱን ይቆጥር ነበር፤ ማን ምን ቢያደርግ ኖሮ ካሣ አሁን እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ እንደነበር። ሙኒያ ተነሥታ ክንዱን ያዘችው፣ እንደ ታመመ ሰው።

ሐሙስ ጠዋት በሥራ ክርክር ችሎት ዳኛዋ የተከሳሽን ምስክር ስትጠራ ሃሌሉያ ተነሣች። ማታውን ጅቡቲ ወዳለው ባለቤት ደውላ ስትከራከር አምሽታለች። ምስክሩ መሞቱን፣ ደብዳቤው በሐሰት የተዘጋጀ በመሆኑ ከማስረጃ ዝርዝሩ መውጣቱን፣ ፋብሪካው የከሳሽን ክስ ማመኑን ተናገረች።  ይርገዱ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመወሰን ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ይርገዱ ግን አልተደሰተችም። ከችሎቱ ውጭ ሙኒያን አግኝታ ወደ ጥላ ወሰደቻት። ከዚያ ስልኳን አሳየቻት። ረቡዕ ጠዋት፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ ካሣ ሦስት ጊዜ ደውሎላታል። ሦስቱንም ጊዜ ዘግታበታለች።

«ባነሣው ኖሮ ሊወጣ መሆኑን ይነግረኝ ነበር። በሩ ላይ ሆኜ ሲደበድብ ስሰማ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር» አለች። «ምን ሊለኝ ነበር ይመስልሻል?»

ሙኒያ ጥሪዎቹን በካሣ ስልክ ላይ ቀድማ አይታለች፤ ካሣ ለማንም ስለዚያ ስልክ አለመናገሩንም አረጋግጣለች። የጻፈው ነገር የለም፣ የሰማ ሰው የለም።

«ይቅርታ ሊልሽ ነው» አለቻት።

በዚያ ምርመራ ውስጥ ያለ ማስረጃ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።