ያልተቋረጠው መስመር

የቤተ ሙከራው ኃላፊ በመለኪያው ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱን የመታው የብረት ዘንግ ከጎኑ ወድቋል። ያልተለካ ነገር ስለማያምን «ሚዛን» ይሉት ነበር። ግድግዳውን የሸፈነው ሹል ሹል ስፖንጅ ድምፅም ሞገድም ስለሚውጥ ጩኸቱን የሰማ የለም።

መርማሪዋ ሬሳውን ቀና አደረገችው። ከደረቱ ሥር ለልኬት ወደ አንቴናው ሞገድ የሚልከው ማሰራጫ ተጨፍልቆ፣ ገመዱ ተበጥሶ ነበር። ሲወድቅ ይዞት ወድቋል። የኋላውን በር ገፋችው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ፖሊስ ስለ አንቴና ምን ያውቃል?» አለ ምክትሉ ከፊት በር ላይ። አዲሱን ጠፍጣፋ አንቴና የነደፈው እሱ ነው። «ጊዜ አታባክኚ። ገዳዩ ወንድሙ ነው። በኋላ በር ገብቶ ወጥቷል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ የፊት በሩ አጠገብ፣ ኮምፒውተሬ ላይ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ አምስት ላይ ቴክኒሻኗ ገብታ እስክትጮህ ድረስ አንቴናውን ስለካ ነበር። ይኸው!»

በየደቂቃው ከማሰራጫው የደረሰው ሞገድ በዘረጋላት ወረቀት ላይ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የአንቴናውን የመዳብ ንጣፎች የሚቆርጥ ባለሙያ ነው። ዓይኑ ደርቋል።

«ጋሼ ትናንት ሰው ፊት አዋረደኝ» አላት። «ሞገዱ በከንቱ የሚባክነው፣ አንቴናው የሚሠራበት የሞገድ ክልልም የጠበበው አንተ አጣመህ ስለቆረጥክ ነው አለኝ። ጠልቼዋለሁ። አልገደልኩትም።»

«እንዲህ ብሎ የነገራቸው ማነው?»

በአገጩ ምክትሉን አሳያት።

ቴክኒሻኗ ግን አፏን እንደ ሳጥን ቆልፋ ነበር። «እኔ እንጀራዬን ነው የምፈልገው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ አለቃዬ ማን እንደሆነ አይታይሽም?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የማሰራጫው ገመድ ቢበጠስ መስመሩ ምን ይሆናል?» ስትል ቴክኒሻኗን ጠየቀች።

«ወዲያው ዜሮ ላይ ይወድቃል።»

መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ሟቹ ሲወድቁ ገመዱን በጥሰውታል። በእርስዎ ወረቀት ላይ ግን መስመሩ እስከ አምስት ሰዓት አንዴም አልወደቀም። ይህ የዛሬ ልኬት አይደለም።»

ምክትሉ ሳቀ። «ገመዱ ኋላ ተበጥሶ ቢሆንስ?»

«ከሬሳው ሥር ነው ያገኘሁት። ሬሳ ተነስቶ ገመድ አይበጥስም። የኋላው በር ደግሞ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፤ ገዳዩ የወጣው በፊት በር ነው። እዚያ ተቀምጬ አልተነሳሁም ያሉት እርስዎ ነዎት። የቀረኝ ምክንያቱ ብቻ ነው።»

ቴክኒሻኗ ከወለሉ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ተናገረች። «ኃላፊው ዛሬ ጠዋት ንጣፎቹን አንድ በአንድ ለካቸው። ቁርጡ ልክ ነው፣ ስህተቱ ንድፉ ላይ ነው አለ። ንድፉን ውድቅ ላደርገው ነው ብሎ ወደ ምክትሉ ሄደ።»

«አራት ዓመት!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «አራት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ማስመሪያ ሊያፈርሰው!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ወንድምየው ወደ ቴክኒሻኗ ዞረ።

«ይህን እያወቅሽ እኔን ገዳይ ሲሉኝ ዝም አልሽ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ካፖርቱን አንስቶ በሩን በርግዶ ከፈተው።

«ጋሼን ነገ እቀብረዋለሁ» አለ። «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ድርሽ እንዳይል።»