ሃያ ሰባት ብሎኬት

ከብሎኬቱ ክምር ሥር የሚታየው አንድ ጫማና አንድ እጅ ብቻ ነበር። ጫማው የአቶ ፍቅሩ መሆኑን ሰገነቱ ላይ የቆመው ሁሉ ያውቃል። በካይሮው ሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ካለው አበሻ ሁሉ በሰኔ ሙቀት ጥቁር የቆዳ ጫማ በክር ጠፍሮ የሚሄደው የስደተኞች ማኅበሩ ጸሐፊ ብቻ ነው።

አስር አለቃ ወልዴ ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አዲስ አበባ በወንጀል ምርመራ ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቶ ከአስር አለቃነት ፈቀቅ ያላለ ሰው ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት አያሳልፍም ተብሎ። ዱካ ማንበብ ያስተማራቸው ልጆች ሻምበል ሆነው በመኪና አለፉት። አሁን ሞሃንዲሲን ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንጻ በር ይጠብቃል። ዛሬ ጠዋት የግንበኛው የቢሻው ሚስት ጽጌረዳ ደውላ እያለቀሰች ነበር የጠራችው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ይድረሱልኝ! ‹የቢሻው ግንብ ወድቆ ሰው ገደለ› ብለው ለቂስም ፖሊስ ሊሰጡብኝ ነው። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ቀኑ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከያዙት ከእስር ቤት ወደ አውሮፕላን ነው፤ እዚያ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃሉ።»

የሕንጻው ባዋብ፣ በር ጠባቂው፣ ለፖሊስ ደውሏል። ፖሊሶቹም ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንመጣለን ብለዋል። ወልዴ ያለው ጊዜ እስከዚያ ነው።

ማኅበሩ ሰገነቱን የተከራየው ማደሪያ ላጡ ሴቶች ሁለት ክፍል ሊሠራበት ነበር። አንዱ አልቆ ማኅሌት የምትባል በመዓዲ ቤት የምታጸዳ ሴት ገብታበታለች። ሁለተኛው ገና ግንብ ነው፤ ፍቅሩም የተገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

«ማንም አይንካ! ፖሊስ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካ ብያለሁ!» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የሊቀመንበሩ የኢንጂነር ደጀኔ ድምፅ ነው። ‹ኢንጂነር› የሚለውን አስቀርቶ ስሙን ብቻ የጠራ አበሻ ካይሮ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ሁለተኛ ሰላም አይባልም። ወልዴ ተነሥቶ እጁን ዘረጋለት። ደጀኔ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ እንደ ከተተ በአገጩ ብቻ ሰላም ብሎት ፊቱን አዞረ። የወልዴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ከአራት ዓመት በፊት ወልዴ ለጸሐፊነት ሲጠቆም ይኸው ሰው ተነሥቶ «ማኅተም ለስምንተኛ ክፍል አይሰጥም» ብሎ ስብሰባውን በሳቅ አውኮት ነበር። ማኅተሙ ለፍቅሩ ተሰጠ። ዛሬ ባለማኅተሙ ብሎኬት ሥር ነው፤ ሳቂዎቹም ዙሪያውን ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«እንግዲህ ይንገሩኝ፣ ኢንጂነር» አለ ወልዴ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ምን ገደለው?»

«ብሎኬት ነዋ! ስብሰባው ላይ አልጮኽኩም? ሸክላ እናድርገው፣ ብሎኬት ባዶ ነገር ነው፣ ለዶሮ ቤት እንጂ ለሰው አይሆንም አላልኩም? ‹ይፈጥናል፣ ይቀላል› ተባለ። ይኸው ፈጠነ! ግንበኛ ተብዬው ደግሞ ብሎኬቱን ውሃ ሳይነክር በደረቁ ነው የደረደረው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ደረቅ ብሎኬት የማያያዣውን ማልታ ውሃ ይመጠዋል፣ ከዚያ ኸላስ፣ ይወድቃል።»

«ሟቹን መጨረሻ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ ተቀምጦ ነፋስ ሲቀበል ትቼው ወረድኩ። ‹ከዚያ ግንብ ራቅ በል› ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ነው ያደርኩት፤ ሃምሳ ምስክር አለኝ።»

«ሃምሳ ምስክር ማን ጠየቀዎት?» አለና ወልዴ ጥሎት ሄደ።

ቢሻው ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጧል። እንዳይሮጥ ይሁን እንዳይወድቅ፣ ጽጌረዳ የሸሚዙን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች።

«ግንቡ ስንት ረድፍ ነበር?»

«ዘጠኝ፣ ጋሼ። በየረድፉ ስምንት ብሎኬት። ረቡዕ ዘጠነኛውን አስሬ ወረድኩ። ትናንት ሞሃንዲሲን አንድ ሐኪም ቤት ሴራሚክ ሳነጥፍ ዋልኩ፤ የገባሁት መሽቶ ነው።»

«ሳይነክር በደረቁ ደረደረው ይሉሃል።»

ቢሻው በዚያ ሁሉ ፍርሃቱ መሐል ሳቅ አመለጠው። «የሚነከረውማ ሸክላ ነው! ሸክላ ውሃ ጥሙ ነው፤ ካልጠገበ ማልታውን ይመጠዋል። ብሎኬት በደረቁ ነው የሚሠራው። ካረሰረሱት ሲደርቅ ይሰበሰብና ግንቡ ይሰነጠቃል። ውሃ የሚጠጣው ከቆመ በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ረጨት እያደረጉ። ይህንን አሸዋ የሚያቀብል ሰው እንኳ ያውቀዋል።»

«ኢንጂነርስ?»

ቢሻው አቀረቀረ። «እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ብሎኬቱን ያለ ኃጢአቱ ነው የሚሰድቡት። ይህ ሰገነት ነው፤ በሙሉ ሸክላ ብንጭንበት ከታች ያለው ቤት ይጮኻል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይቀላል፤ አንዱ የስንቱን ሸክላ ቦታ ይሞላል፤ ማልታም አይበላም።»

ይህን የሰማችው ማኅሌት ከበሯ ላይ ሆና ጮኸች። «አንተ አትኖርበት! እኔ ልንገርዎት አስር አለቃ፣ ቀን ፀሐዩን ሲጠጣ ይውልና ማታ እኔ ላይ ይተፋዋል። ሚስማር ብመታ ግማሹ ግድግዳ ከሚስማሩ ጋር ይመጣል። ድምፅማ አይነሣ፤ ያዕኒ፣ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ እዚህ ተኝቼ ይማርህ እላለሁ!»

«ታዲያ ግንቡ ሌሊት ሲወድቅ እንዴት አልሰማሽም?»

ማኅሌት ከበሯ ወጥታ ቀረበችው። እስካሁን ይህን ማንም አልጠየቃት፤ ሁሉም የሸክላና የብሎኬት ጠበቃ ሆኖ ሲካሰስ ነው ያረፈደው።

«ሌሊትማ ምንም አልሰማሁ። የሰማሁት ትናንት ቀን ነው፣ ከከሰዓት በኋላው የዐስር አዛን ትንሽ ቆይቶ። ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር። አንዴ ድርምስ አለ። ቀጥሎ ድው... ድው... ብሎኬት አንድ በአንድ ሲቀመጥ። ቢሻው ነው ብዬ ትራስ ራሴ ላይ ጫንኩ።»

«ከዚያስ?»

«ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ፣ ተነሥቼ ግንቡን አጠጣሁ፤ ቢሻው አደራ ብሎኛል። ከደጄ ሆኜ ጎማውን ወደዚያ አቀናሁት። ውስጡን ዞሬ አላየሁም። ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ነው...» ወደ ክምሩ ዞረች። «እንዴ! ውሃ ሳርከፈክፍበት እዚያ ነበር?»

«ሞቶ ነበር» አላት ወልዴ፤ የዕለቱ ለስላሳ ቃሉ ይህች ብቻ ነበረች።

ወደ ክምሩ ተመለሰ። ደጀኔ «አትንካ!» እያለ ሲጮኽ ወልዴ የሟቹን እጅጌ በጥፍሩ አንኳኳው። በጎን ከተቀደደው የሲሚንቶ ከረጢት የቦነነው ብናኝ እጅጌው ላይ አርፎ እንደ ቁስል ቅርፊት ደርቋል፤ ሲነካ ቀጭ ይላል። ከዚያ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ጣቱን እየቀሰረ ብሎኬቶቹን ቆጠረ። ሃያ ሰባት። የቆመውን ግንብ ረድፍ ቆጠረ። ሰባት። ከሃያ ሰባቱ አሥራ አንዱ በአንድም ጎናቸው የማልታ ፍንጣሪ አልነካቸውም።

የቀረው ከማል ነው። አባቱ ከወሎ የመጣ፣ እሱ ግን ካይሮ ተወልዶ ያደገ፣ የስደተኞችን ወረቀት በሚያግዝ አንድ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ነው። ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«ያ ዐሞ፣ አጎቴ፣ እኔ የለሁበትም» አለ ሳይጠየቅ። «ለፖሊሶቹ እንድተረጉም ነው ኢንጂነር የጠሩኝ።»

«ምን ልትተረጉም?»

«እሳቸው የሚሉትን።»

«ቢዋሹስ?»

«አስተርጓሚ አይዋሽም፤ የሰማውን ነው የሚለው።»

ወልዴ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው በሥራ ዘመኑ ብዙ አይቷል። እጃቸው የነጣው ታጥበው ሳይሆን ምንም ስለማያነሡበት ነው። የቆየ የመርማሪ ዘዴውን አወጣ፤ የማያውቁትን እንደሚያውቁት አድርጎ መጠየቅ።

«ፍቅሩ ትናንት የነገረህን እኔም ሰምቼዋለሁ። አሁን ካንተ አፍ ልስማው።»

ከማል ገረጣ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኩለ ቀን ላይ ቢሮ መጣ። ኢንጂነር በስደተኝነት ባሕር ማዶ የሚሻገሩበት ፋይል የቆመው መሐንዲስ ሆነው ለተበላሸ ሕንጻ አልፈርምም በማለታቸው ታሰሩ በሚለው ላይ ነው። የማኅበሩ የምስክር ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል። ፍቅሩ ግን አገር ቤት እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። ‹ደጀኔን የማውቀው ዕቃ ግምጃ ቤት ሚስማር ሲሰፍር ነው። ለጉራ ብቻ መስሎኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ በሐሰት ላይ ማኅተም አላሳርፍም› አለ።»

«ደብዳቤውስ?»

ከማል ስልኩን አሳየው። ዛሬ ማለዳ በአንድ ሰዓት ከደጀኔ የተላከ የደብዳቤ ፎቶ ነው፤ ግርጌው ላይ ሰማያዊው ማኅተም ጉብ ብሏል።

«ይህን ይዘህ ነው ጥላ ሥር የቆምከው?»

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ዐሞ... እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የኢማሙ ሰላምታ ተሰማ፤ ሶላቱ አበቃ። ወልዴ ሁሉንም በክምሩ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ኑ፣ የተማራችሁም ያልተማራችሁም» አለ። «ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሂሳብ አስተምረውኛል፤ እሱን ላሳያችሁ። ዘጠኝ ረድፍ ነበረ፣ ሰባቱ ቆመዋል፣ የወደቀው ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ስምንት አሥራ ስድስት። ፍቅሩ ላይ ያለው ግን ሃያ ሰባት ነው። አሥራ አንዱ ግንብ ሆነው አያውቁም፤ ከዚያ ከተከመረው አዲስ ብሎኬት ነው የመጡት። ብሎኬት ደግሞ እግር የለውም።»

«ይህ ዘበኛ አብዷል!» አለ ደጀኔ።

«ቀስ። ግንቡ ሌሊት ቢወድቅ ማኅሌት በሰማች ነበር፤ ሰው ሲያስነጥስ ትሰማለች። የሰማችው ትናንት ቀን ነው፦ መጀመሪያ ድርምስ፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ ሲደረደር። ያን ሰዓት ቢሻው ሞሃንዲሲን ሐኪሙ ቤት ነበር፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። አሁን ይህን እጅጌ እዩት። የሲሚንቶ ብናኝ ውሃ ካላገኘ ብናኝ ነው፤ ይህ ድንጋይ ሆኗል። ውሃ ያገኘው መቼ ነው? ማኅሌት በመግሪብ ስትረጭ። እንግዲህ ፍቅሩ በመግሪብ እዚህ ተጋድሞ ነበር። ታዲያ በሦስት ሰዓት ነፋስ ሲቀበል ትቼው ወረድኩ ያሉት ማንን ነው፣ ኢንጂነር?»

ደጀኔ ወደ ደረጃው አፍ አየ።

«ልቀጥል? ብሎኬት ይነከራል አልከኝ» አለ ወልዴ፤ ‹እርስዎ›ው እዚህ ላይ ቀረ። «አሸዋ አቀባይ የሚያውቀውን የማያውቅ መሐንዲስ የት አገር ነው ያለው? ፍቅሩ ማን እንደሆንክ ያውቃል፤ አላተምም አለህ። ጀርባውን ሲሰጥህ በአንድ ብሎኬት መታኸው። የላይኛውን ሁለት ረድፍ ገፍተህ ጣልክበት። ሁለት ረድፍ ሰው አይገድልም ይሉኛል ብለህ ፈራህና ከክምሩ ጨመርክበት። ከዚያ ከኪሱ ማኅተሙን ወስደህ የገዛ ደብዳቤህ ላይ አሳረፍክ። በመጨረሻም ይህን ምስኪን አገሩ አስልከህ አንተ ባሕር ልትሻገር አሰብክ።»

«ማስረጃ! ማስረጃ አለህ?»

«ጠዋት እጅህን ስትነፍገኝ የሰጠኸኝ አለ። እጄን ያልጨበጥከው ንቀህ መስሎኝ ነበር። ንቀትህን ስለለመድኩት ሌላ ነገር መሆኑ አልታየኝም። በሰኔ ሙቀት ኪስ ውስጥ ምን ያደርጋል? አውጣው።»

ደጀኔ ወደኋላ አለ። ማኅሌት ከጎኑ ክንዱን ይዛ መነጨቀችው፤ ቀኙ ወጣ። የጣቶቹ ጫፎች ቆዳቸው ተገሽልጦ ደም ቋጥረዋል። ቢሻው ሳይጠሩት ተናገረ።

«ብሎኬት ያልለመደውን እጅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል።»

«ማኅተሙን አንዴ ቢመታልኝ ምን ይጎድልበት ነበር?» ደጀኔ በድንገት እንደ ሕፃን ጮኸ። «አንዴ! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ በስብሻለሁ! ስለ ሚስማር፣ ስለ ሚስማር ያወራልኛል!»

ፖሊሶቹ ደረሱ፤ አንድ ላብ ያጠመቀው መኮንን፣ ሁለት ወታደር፣ ቃሬዛ የያዙ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች። መኮንኑ ሬሳውን በሩቁ አየና ግንቡን የገነባው ማነው ብሎ ጠየቀ። የጽጌረዳ ጭብጥ የባሏ ሸሚዝ ላይ ጠበቀ። የወልዴ አረብኛ ሊፍት ለመጥራትና ቆሻሻ ለማስወጣት ነው፤ ለዚህ አይበቃም። ሁሉም ከማልን አዩት።

«የሰማኸውን ንገረዋ፣ አስተርጓሚ!» አለው ወልዴ።

ከማል ወደ መኮንኑ ቀረበ። ከዚያ ጀመረ፤ መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ኋላ እየፈጠነ፣ እጅጌውን፣ ክምሩን፣ የደጀኔን ጣቶች እያሳየ። በመጨረሻ ስልኩን ከፍቶ ለመኮንኑ ሰጠው። የደጀኔ ኮት ሲፈተሽ ማኅተሙ በውስጥ ኪሱ ተገኘ። ወታደሮቹ ይዘውት ወረዱ።

መኮንኑ ወደ ቢሻው ዞረ። «ኢቃማ?»

ቢሻው ቀኑ ያለፈበትን ካርድ አውጥቶ ሰጠ። መኮንኑ አየው፤ ቀኑንም አየ። ሄዶ የቆመውን ሰባት ረድፍ በትከሻው ገፋ አደረገው። ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ተመልሶ ካርዱን ሰጠው።

«‹አሳድሰው› ይልሃል» አለ ከማል።

ጽጌረዳ ባሏን ወደ ደረጃው ጎተተችው። «በል እንሂድ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ!»

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ግን ክምሩን አይተው እጃቸውን አጣጥፈዋል፤ ድንጋይ ማንሣት ሥራችን አይደለም ይላሉ። ቢሻው ቆመ። የሚስቱን ጣቶች ከሸሚዙ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀና ተመለሰ። የመጀመሪያውን ብሎኬት አነሣ። ወልዴ ኮቱን አውልቆ ከጎኑ ተንበረከከ። ቀጥላ ማኅሌት መጣች፤ ጽጌረዳም እየተነጫነጨች። ከማል የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ኪሱ ከተተና ከሁሉም ኋላ ገባ።

ሲጨርሱ ቃሬዛው በጠባቡ ደረጃ አልዞር አለ። ቢሻው የፍቅሩን ብብት ያዘ፣ ወልዴ እግሩን። «ራሱን እኔ ላይ አስደግፉት» አለ ቢሻው። በየወለሉ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ አምስት ፎቅ ይዘውት ወረዱ።