የእኔ ያልሆነ ስም የተሰፋበት ባና

ሠረቀብርሃንን መጀመሪያ ያየሁት ደብተር ይዞ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከመፈናቀላችን በፊት አንድ ሰው በየቤቱ እየዞረ ስማችንን ጽፎ ነበር፤ በሳምንቱ ቤታችን ተቃጠለ።

ደብረ ብርሃን መጠለያ፣ ሠረቀብርሃን ከአጎቴ ጋር በምኖርበት ድንኳን ደጃፍ ቆሞ የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ሴቶች እንደሚፈልግ ነገረንና ስሜን ጠየቀኝ። አጠገቤ የጎረቤት ሕፃን ታለቅሳለች። የእሷን ስም ሰጠሁት።

«ሮዳስ» ብሎ ጻፈ። ፈገግታው ደግ ነበር፤ እኔ ግን የማየው እጁን ብቻ ነው።

የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። ባና፣ ወፍራሙን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚያሠራበት ቤት አንድ ሕግ ነበረው፤ ጠጉሩን የፈተለችው ሴት ስም በጠርዙ ላይ በቀይ ክር ካልተሰፋ ባናው አይሸጥም።

«ሰው ሁሉ ተረጂ ብሎ ነው የሚያውቃችሁ። ማን እንዳሞቀው ይወቅ። ቤቱን የከፈትኩት ለዚህ ነው» ይለናል።

ስሟ በተሰፋበት ባና ላይ የጎረበጠ ክር የምታስገባ ሴት አልነበረችም። ሌላ ቤት የተሻለ ልክፈል ቢላቸውም አንዷም አልሄደችም። እኔም ደህና አድርጌ እፈትላለሁ፤ ግን ባናው ላይ የሕፃኗን ስም ባየሁ ቁጥር ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ እሸሽገዋለሁ።

የባሰው ደግሞ ወደድኩት... እሱም ወደደኝ።

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ስማችን ወጥቶ የራሱ ምልክት ከገባበት ባናውን ሁሉ እወስዳለሁ አለ። ሠረቀብርሃን ከሁሉም በፊት እኔን አማከረኝ። ሳላስብ ተቀበለው፣ ስሙ ይቅር አልኩት።

«አንቺም?» አለኝ።

በሥራው የማፍር መሰለው። ነጋዴውን መለሰው፤ እኔንም ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ጠላኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሐሙስ ዕለት ግን መጣ።

«ቅር ብሎኝ ነበር። ያላንቺ ግን አልቻልኩም። እሁድ አባቴ ሽማግሌ ይዘው አጎትሽ ዘንድ ይመጣሉ።»

ከደስታዬ በፊት ፍርሃቱ ያዘኝ። ሽማግሌዎቹ ሮዳስን ስጡን ሲሉ አጎቴ እንዲህ የምትባል ልጅ የለችኝም ሊሉ ነው! ጓዜን ጠቅልዬ ልጠፋ ሁሉ አሰብኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ።

«ስሜ ሮዳስ አይደለም» አልኩት። ደብተሩንም፣ ቃጠሎውንም፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የያዘውን ባና አስቀመጠ። አሁን ውጪልኝ ይለኛል ብዬ በሩን አየሁ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትፈሪኝ ነው የኖርሽው?»

«አዎ። ዛሬ ደግሞ እንዳላጣህ ፈራሁ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔ እኮ ቀና እንድትሉበት ብዬ ነው ስማችሁን ያሰፋሁት። የሚያስፈራሽ ከሆነ ያንቺ ባና ያለ ስም ይውጣ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለአባቴ ግን ማንን ጠይቁልኝ ልበል?»

ከተፈናቀልን ወዲህ እውነተኛ ስሜን ለባዳ ተናግሬ አላውቅም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ከነፍርሃቴ ነገርኩት።

«ታንጉ።»

እሁድ ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ ተቀምጬ እሰማለሁ። አባቱ ቆመው «ልጅዎን ታንጉን ለልጃችን ለሠረቀብርሃን እንዲሰጡን ነው» አሉ። ስሜ በእንግዳ ሰው አፍ ሲጠራ ደነገጥኩ።

አጎቴ «ታንጉ ልጄ ናት። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።